ስለ አዮናይዜሽን ኢነርጂ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ማርቆስ ላይ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ኬሚስትሪ ሳስጠና በየዓመቱ የሚነሱትን ጥያቄዎች ከቀላሉ ጀምሬ ሰብስቤያቸዋለሁ።

አዮናይዜሽን ኢነርጂ ምን ማለት ነው?

በጋዝ ሁኔታ ላይ ካለ አንድ አቶም ላይ ኤሌክትሮን ነጥቆ ለማውጣት የሚያስፈልገው ኃይል ነው። ኤሌክትሮኑ ኔጌቲቭ ነው፣ ኒውክለሱ (የአቶሙ እምብርት) ደግሞ ፖዘቲቭ። ስለዚህ ይሳሳባሉ። ኤሌክትሮኑ ከዚያ መሳሳብ እንዲላቀቅ ኃይል መክፈል አለብን። መጀመሪያ የሚወጣው በጣም ላልቶ የተያዘው ኤሌክትሮን ነው።

የዓባይን በረሃ አስቡት። ከድልድዩ ተነስቶ ደጀን የሚወጣ ሰውና ከዳገቱ አጋማሽ የሚነሳ ሰው እኩል አይደክሙም። ኤሌክትሮንም እንደዚያው ነው። ጥልቅ ቦታ ያለው ለመውጣት ብዙ ኃይል ይፈልጋል፤ ወደ ጠርዙ የቀረበው በጥቂቱ ይወጣል። ደጀን መድረስ ማለት ከአቶሙ ፈጽሞ መለየት ነው።

ቁጥሩ የሚነገረው ለአንድ ሞል (የተወሰነ፣ እጅግ ብዙ ቁጥር ላለው) አቶም በኪሎጁል ነው። ለምሳሌ የሃይድሮጅን 1312 ኪሎጁል በሞል ነው። ከዚህ በታች ቁጥሩን ብቻ ስጽፍ ይህንኑ መለኪያ ማለቴ ነው።

ለምን "በጋዝ ሁኔታ ላይ ያለ አቶም" ይባላል?

ይህችን ሐረግ ተማሪ ይዘላታል፤ ፈተና የሚያወጣ ሰው ግን አይዘላትም። በጠጣር ሶዲየም ውስጥ አቶሞቹ እርስ በርስ ተያይዘዋል። ከዚያ ላይ ኤሌክትሮን ስናወጣ የጎረቤቶቹ ጣጣም ሒሳቡ ውስጥ ይገባል። ጋዝ ሲሆን አቶሙ ብቻውን ስለሆነ የምንለካው የራሱን ብቻ ነው።

በፔሪዮዲክ ሰንጠረዥ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ስንሄድ ለምን ይጨምራል?

የሁለተኛውን ፔሬድ (አግድም ረድፍ) ቁጥሮች እንይ። ሊቲየም 520፣ ቤሪሊየም 899፣ ቦሮን 801፣ ካርቦን 1086፣ ናይትሮጅን 1402፣ ኦክስጅን 1314፣ ፍሎሪን 1681፣ ኒዮን 2081። ሁለት ቦታ ላይ ወረድ ይላል፤ እሱን ቆይተን እናየዋለን። ጠቅላላ ጉዞው ግን ሽቅብ ነው።

የጮቄን ብርድ የሚያውቅ ሰው ምክንያቱ ቶሎ ይገባዋል። ሌሊት እሳት ዙሪያ ሰዎች ተቀምጠዋል እንበል። ከፊታችሁ የተቀመጠ ሰው ሙቀቱን ይከልላችኋል። ከጎናችሁ የተቀመጠው ግን ብዙም አይከልላችሁም። እሳቱ ኒውክለሱ ነው፣ በውስጡ ያለው እያንዳንዱ ፖዘቲቭ ፕሮቶን አንድ ማገዶ ነው፣ ሰዎቹ ደግሞ ኤሌክትሮኖቹ ናቸው።

ከሊቲየም ወደ ኒዮን ስንሄድ በየእርምጃው አንድ ማገዶ ይጨመራል። አንድ ሰውም ይመጣል። ግን አዲሱ ሰው የሚቀመጠው ከጎን ነው እንጂ ከፊት አይደለም፤ ሼሉ (ኤሌክትሮኖቹ የተቀመጡበት ረድፍ) አልተቀየረማ። ስለዚህ እሳቱ ሲበረታ ለውጨኛው ረድፍ በሙሉ ይበረታል። ሁሉም ወደ እሳቱ ጠጋ ይላሉ። አቶሙ ከግራ ወደ ቀኝ እያነሰ የሚሄደውም በዚሁ ነው። አንድን ምክንያት ከያዛችሁ ሁለቱን ትሬንድ ያዛችሁ ማለት ነው።

ከላይ ወደ ታችስ ለምን ይቀንሳል? ፕሮቶኑ እኮ እየበዛ ነው!

ይህን ጥያቄ የሚያነሳ ተማሪ በጣም ደስ ይለኛል፤ እያሰበ ነውና። እውነት ነው፣ ሊቲየም 3 ፕሮቶን፣ ሲዚየም ደግሞ 55 ፕሮቶን አላቸው። ግን ቁጥሮቹን ተመልከቱ። ሊቲየም 520፣ ሶዲየም 496፣ ፖታሲየም 419፣ ሩቢዲየም 403፣ ሲዚየም 376።

ወደ እሳቱ እንመለስ። የሲዚየም እሳት ትልቅ ነው። የውጨኛው ኤሌክትሮን ግን ስድስተኛው ረድፍ ላይ ነው፤ ከፊቱ 54 ሌሎች ተደርድረዋል። በአንድ በኩል ሩቅ ነው፣ በሌላ በኩል ተከልሏል። የ55ቱ ማገዶ ሙቀት አብዛኛው እሱ ጋ አይደርስም። ሃይድሮጅንን ከዚህ ጋር አወዳድሩት። አንድ ማገዶ ብቻ ነው ያለው። ነገር ግን ኤሌክትሮኑ ቅርብ ነው፣ ከፊቱም ማንም የለም። ስለዚህ 1312 ይጠይቃል፤ የሲዚየምን ከሦስት እጥፍ በላይ። ዋናው ነገር ስንት ፕሮቶን እንዳለ ሳይሆን ኤሌክትሮኑ ጋ ምን ያህሉ እንደሚደርስ ነው።

ትልቁ የማን ነው? ትንሹስ?

ትልቁ የሂሊየም ነው፣ 2372። ሁለት ፕሮቶን፣ አንደኛው ሼል፣ ከፊት ከላላ የለም። ትንሹ የሲዚየም ነው። "ፍራንሲየም ከታች አይደለም ወይ?" የሚል ካለ፣ ልክ ነው፣ ከታች ነው። ግን የፍራንሲየም 393 ነው፤ ከሲዚየም ትንሽ ይበልጣል። ኒውክለሱ በጣም ከባድ ሲሆን ኤሌክትሮኖቹ ወደ ውስጥ ዘልቀው ሲገቡ ፍጥነታቸው ወደ ብርሃን ፍጥነት ይጠጋል። ያኔ የአንስታይን ሬላቲቪቲ ይመጣና የውጨኛውን ኤሌክትሮን ወደ ውስጥ ይሰበስበዋል።

ከኤሌክትሮኔጋቲቪቲና ከኤሌክትሮን አፊኒቲ በምን ይለያል?

አዮናይዜሽን ኢነርጂ ያለውን ኤሌክትሮን ለማውጣት የሚከፈል ነው። ኤሌክትሮን አፊኒቲ አዲስ ኤሌክትሮን ሲገባ ያለውን የኃይል ለውጥ ይነግረናል። ኤሌክትሮኔጋቲቪቲ ደግሞ ሁለት አቶሞች በቦንድ ተያይዘው የጋራ ኤሌክትሮናቸውን ማን ይበልጥ ወደ ራሱ እንደሚስብ ያሳያል፤ በኪሎጁል የሚለካ ነገር አይደለም።

ብዙ ጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚሄዱ ተማሪ ያምታታቸዋል። ግን ሁልጊዜ አይገጥሙም። ፍሎሪን በአዮናይዜሽን ኢነርጂ ክሎሪንን በሰፊው ይበልጠዋል፣ 1681 ለ1251። በኤሌክትሮን አፊኒቲ ግን ክሎሪን ይበልጣል፣ 349 ለ328።

ቦሮን ከቤሪሊየም፣ ኦክስጅን ከናይትሮጅን ለምን ያንሳሉ?

ይህ በፈተና ላይ በጣም የሚወደድ ጥያቄ ነው። ብዙ ተማሪ "ኤክሴፕሽን ነው" ብሎ ይሸመድደዋል። እኔ ግን ኤክሴፕሽን የሚለውን ቃል አልወደውም። ሕጉ አልተጣሰም፤ ኤሌክትሮኑ የተቀመጠበትን ቦታ በደንብ ስላላየን ነው የተጣሰ የሚመስለን።

በሼሎች ውስጥ ኤስ፣ ፒ፣ ዲ፣ ኤፍ የሚባሉ ክፍሎች አሉ፤ ከፊት ያለው ቁጥር ሼሉን ይነግረናል። የቤሪሊየም አራተኛ ኤሌክትሮን 2ኤስ ላይ ነው። የቦሮን አምስተኛ ኤሌክትሮን ግን 2ፒ ላይ ይገባል። ሁለቱም ሁለተኛው ሼል ናቸው፤ ቦታቸው ግን አንድ አይደለም። የ2ኤስ ኤሌክትሮን አልፎ አልፎ እስከ ኒውክለሱ አጠገብ ዘልቆ ይገባል። የ2ፒ ኤሌክትሮን ያን ያህል አይገባም፤ በ2ኤሶቹም ትንሽ ይከለላል። በዓባይ ምሳሌ ከሄድን የቦሮኑ ኤሌክትሮን ዳገቱን ትንሽ ከፍ ካለ እርከን ነው የሚጀምረው። ስለዚህ ከ899 ወደ 801 ይወርዳል።

የናይትሮጅንና የኦክስጅን ነገር ሌላ ነው። 2ፒ ሦስት ኦርቢታሎች አሉት። ሦስት መደብ ያለበት ቤት በሉት። ናይትሮጅን ላይ ሦስት እንግዶች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው በየመደባቸው ይተኛሉ። ኦክስጅን ላይ አራተኛው ይመጣል። መደብ ስለሌለ ከአንዱ ጋር ይጋራል። ሁለቱም ኔጌቲቭ ናቸውና ይገፋፋሉ። ከሁለቱ አንዱን ማውጣት ይቀላል። 1402 የነበረው 1314 የሚሆነው ለዚህ ነው።

"ናይትሮጅን ግማሽ የሞላ ስለሆነ የተረጋጋ ነው" የሚለው መልስ ነጥብ ያሰጣል። ምክንያቱን ግን አይናገርም። ምክንያቱ መገፋፋቱ ነው። በሦስተኛው ፔሬድም ይኸው ይደገማል። ማግኒዚየም 738 ሆኖ አሉሚኒየም 578 ይሆናል፤ ፎስፈረስ 1012 ሆኖ ሰልፈር 1000 ይሆናል። ሁለተኛውን ልዩነት አያችሁት? በናይትሮጅንና በኦክስጅን መካከል 88 ነበር፤ እዚህ 12 ብቻ ነው። ሦስተኛው ሼል ሰፊ ነው። መደቡ ሲሰፋ ተጋርቶ መተኛቱም ያን ያህል አያስቸግርም።

ሁለተኛና ሦስተኛ አዮናይዜሽን ኢነርጂ ለምን ድንገት ይዘላል?

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ሁለተኛው ሁልጊዜ ከአንደኛው ይበልጣል። አንድ ኤሌክትሮን ከወጣ በኋላ የቀረው አቶም ፖዘቲቭ ነው፤ ከፖዘቲቭ ነገር ላይ ኔጌቲቭ መንጠቅ ይከብዳል። ይህ መጨመር ነው እንጂ ዝላይ አይደለም።

ዝላይ የሚመጣው የውጨኛው ሼል አልቆ ወደ ውስጠኛው ስንገባ ነው። ሶዲየም 496 ይልና ቀጥሎ 4562 ይላል። ማግኒዚየም 738፣ 1451፣ ከዚያ 7733። አሉሚኒየም 578፣ 1817፣ 2745፣ ከዚያ 11577። ሶዲየም ከመጀመሪያው በኋላ ዘለለ፤ አንድ የውጭ ኤሌክትሮን ነበረው። ማግኒዚየም ከሁለት በኋላ፣ አሉሚኒየም ከሦስት በኋላ። ሁለተኛው ሼል ከዓባይ ድልድይ ግርጌ እንደመነሳት ነው።

ፈተናው ብዙ ጊዜ ስሙን ደብቆ ቁጥሮቹን ብቻ ይሰጥና "ይህ ንጥረ ነገር የየትኛው ግሩፕ (የሰንጠረዡ ቁልቁል ዓምድ) ነው?" ይላል። ከዝላዩ በፊት ያሉትን ቁጥሮች ቁጠሩ። ዝላዩን ራሱን አትቁጠሩ። አንድ ጎበዝ ተማሪዬ ሦስት ጊዜ ተከታትላ አሉሚኒየምን ግሩፕ 4ኤ ውስጥ የከተተችው 11577ን አብራ እየቆጠረች ነው። ሌላም ማታለያ አለ። "ሁለተኛ አዮናይዜሽን ኢነርጂው የሚበልጠው ሶዲየም ነው ማግኒዚየም?" ሲባል ብዙዎች በልማድ ማግኒዚየም ይላሉ። መልሱ ሶዲየም ነው፤ 4562 ለ1451።

ይህ ነገር ለገበሬ ምን ይጠቅመዋል?

አንድ የአዊ ልጅ ነው የጠየቀኝ። አባቱ ማሳቸው ላይ ኖራ ይበትናሉ። በምዕራብ ጎጃምና በአዊ ደጋማ አካባቢዎች ብዙ መሬት አሲዳማ ሆኗል። አሉሚኒየም አፈር ውስጥ ሁልጊዜም አለ፤ አብዛኛው ግን በማዕድን ተይዞ ይቀመጣል። ፒኤቹ (የአሲዳማነት መለኪያው፤ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ5.5 በታች ሲወርድ እየሟሟ ይወጣል። የሚወጣው ሦስት ኤሌክትሮን ያጣ አሉሚኒየም ሆኖ ነው። እሱ ነው የገብሱንና የስንዴውን ሥር የሚጎዳው።

ለምን ሦስት? ለምን አራት አይሆንም? ከላይ ያየነው ዝላይ ነው መልሱ። አራተኛው 11577 ይጠይቃል፤ ይህን የሚከፍል ነገር አፈር ውስጥ የለም። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ተደምረው 5140 ይሆናሉ። ይህም ብዙ ነው። ግን አዮኑን (ኤሌክትሮን ያጣውን አቶም) የውሃ ሞለኪውሎች ሲከቡት ከዚህ ውስጥ አብዛኛው ይመለሳል። ኖራው ውስጥ ያለው ካልሲየምም በዚሁ ሕግ ይገዛል። 590፣ 1145፣ ከዚያ 4912። ሁለት ሰጥቶ ይቆማል። ኖራ አሲዱን ሲያረክስ አሉሚኒየሙ ተመልሶ የማይሟሟ ነገር ይሆናል፤ ሥሩም ይተነፍሳል።

ሶዲየም ኤሌክትሮኑን "መስጠት ይፈልጋል" ይባላል። ታዲያ ለምን ኃይል ይጠይቃል?

አይፈልግም። ይህ አባባል ለጀማሪ ይጠቅማል፤ 12ኛ ክፍል ሲደረስ ግን ያሳስታል። የትኛውም አቶም ኤሌክትሮኑን በነጻ አይሰጥም። ሶዲየምም 496 ያስከፍላል። ከብዙዎቹ ይረክሳል፣ ያ ብቻ ነው።

የገበታ ጨውን ሒሳብ እንሥራ። ሶዲየም 496 ወሰደ። ክሎሪን ኤሌክትሮኑን ሲቀበል 349 መለሰ። 147 ጎድሏል። ኤሌክትሮን ማስተላለፉ ብቻውን ኪሳራ ነው። ጨው የሚፈጠረው ሁለቱ አዮኖች ተያይዘው በክሪስታል ሲደረደሩ 787 ስለሚወጣ ነው። አሞሌን አሞሌ ያደረገው ይህ የመጨረሻው ክፍያ ነው።

ጨው እሳት ላይ ሲወድቅ ቢጫ የሚሆነው ኤሌክትሮን ስለወጣ ነው?

አይደለም። ወጥ ገንፍሎ እሳቱ ላይ ሲፈስ ያቺን ቢጫ ነበልባል ሁላችንም አይተናታል። የሶዲየም ኤሌክትሮን ሙቀት ሲያገኝ ወደሚቀጥለው እርከን ዘለል ይልና ተመልሶ ይወርዳል። ሲወርድ 589 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ቢጫ ብርሃን ይለቃል። ይህ 203 ኪሎጁል በሞል ያህል ነው። ለመውጣት 496 ያስፈልገው ነበር፤ ግማሹ እንኳ አልሞላም። ዳገቱን ጀምሮ የተመለሰ ሰው በሉት።

የብረት አቶም በኤሌክትሮን ሲሞላ 4ኤስ ይቀድማል፤ ኤሌክትሮን ሲያጣም ለምን 4ኤስ ይቀድማል?

መጨረሻ የገባ መጀመሪያ ይወጣል የሚል ሕግ ስለሌለ ነው። አራተኛው ሼል ከሦስተኛው ይርቃል። 3ዲ ላይ ኤሌክትሮኖች ከገቡ በኋላ እነሱ ወደ ውስጥ ስለሚሆኑ 4ኤስን ይከልሉታል። የራቀውና የተከለለው ይቀድማል። ከስካንዲየም እስከ ዚንክ ቁጥሩ ቀስ ብሎ የሚጨምረውም ለዚህ ነው፤ በዘጠኝ እርምጃ ከ633 ወደ 906 ብቻ ነው የሚደርሰው። እያንዳንዱ አዲስ ማገዶ ከፊት ከሚቀመጥ አዲስ ሰው ጋር ይመጣልና።

ወርቅ ከብር በታች ሆኖ ለምን ይበልጣል?

የብር 731 ነው፣ የወርቅ 890። ከላይ ወደ ታች ይቀንሳል ያልነው የት ሄደ? በሁለቱ መካከል 4ኤፍ የሚባሉ 14 ኤሌክትሮኖች ገብተዋል። እነዚህ በጣም ደካማ ከላላ ናቸው፤ ከፊት ተቀምጠውም ሙቀቱ በመካከላቸው ያልፋል። 14 ማገዶ ተጨምሮ መከለሉ ግን በዚያ ልክ አልጨመረም። በዚያ ላይ ፍራንሲየም ላይ ያነሳሁት የሬላቲቪቲ ነገር ወርቅ ላይ በጣም ይጠነክራል። የብር መስቀል ሲጠቁር ወርቅ እንዳለ የሚቆየው ኤሌክትሮኑን አጥብቆ መያዙም አንዱ ምክንያት ሆኖ ነው።

ጋሊየም ላይም የዚህን ታናሽ ወንድም ታገኛላችሁ። ከአሉሚኒየም በታች ነው፤ ግን 578 ለ579፣ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። እዚያ ደካማ ከላላ የሆኑት የ3ዲ 10 ኤሌክትሮኖች ናቸው።

ኖብል ጋዞች (የሰንጠረዡ የቀኝ መጨረሻ ዓምድ) ቁጥራቸው ትልቅ ስለሆነ ፈጽሞ አይዋሃዱም ማለት ነው?

እስከ 1962 ድረስ ብዙ ሰው እንደዚያ ያምን ነበር። ሂሊየም 2372፣ ኒዮን 2081፣ አርጎን 1521፣ ክሪፕተን 1351፣ ዜኖን 1170። ከላይ ወደ ታች እየወረደ መሆኑን አስተውሉ።

ኒል ባርትሌት የሚባል ኬሚስት ካናዳ ውስጥ ፕላቲነም ሄክሳፍሎራይድ ከሚባል ጋዝ ጋር ይሠራ ነበር። ይህ ጋዝ እጅግ ኃይለኛ ኤሌክትሮን ነጣቂ ነው፤ ከኦክስጅን ሞለኪውል ላይ እንኳ ኤሌክትሮን ነጥቆ እንደሚወስድ ባርትሌት አረጋገጠ። ከዚያ አንድ ሰንጠረዥ ተመለከተ። ከኦክስጅን ሞለኪውል አንድ ኤሌክትሮን ለማውጣት 1165 ያስፈልጋል። ዜኖን ደግሞ 1170። ልዩነቱ አምስት ብቻ ነው። ኦክስጅንን ከቻለ ዜኖንን ለምን አይችልም? ቀዩን ጋዝና ቀለም የሌለውን ዜኖን አገናኛቸው። ወዲያው ብርቱካናማ ቢጫ ጠጣር ነገር ወጣ።